ስክሪንን ከነድምፁ መቅረጽና የጋዜጠኛው ኃላፊነት

እንደሚታወቀው ጋዜጠኛ ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ማስታወሻ ደብተርና መቅረጸ ድምፅ ይዞ ከእንግዳው ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ነው። ይህ አሠራር ዛሬም አለ፣ ይኖራልም። ነገር ግን ብዙ መግለጫ አሁን በፌስቡክ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ብዙ ስብሰባ በዙም ይካሄዳል፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ቃለ መጠይቅ የሚሰጠን በቴሌግራም፣ በዋትስአፕ ወይም በኢሞ ነው። ወሬው ስክሪን ላይ ከሆነ መቅረጽ ያለበትም ስክሪኑ ነው ማለት ነው።

በትምህርት ክፍላችን ስለ ካሜራና ስለ ማይክ አያያዝ እንማራለን። ስክሪን ስለመቅረጽ ግን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከጓደኛ የለቀምነውን ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሁትም ለዚሁ ነው። ዋና ሐሳቤ አንድ ነው፦ ስክሪን ቀረጻ በምስል በኩል ከምንፈልገው በላይ ይይዛል፣ በድምፅ በኩል ግን ከምንፈልገው በታች ይይዛል። ትርፉ ምስል ያመነንን ሰው ለአደጋ ሊዳርግ ይችላል። የጎደለው ድምፅ ደግሞ ዘገባውን ያሳጣናል። ሁለቱንም ቀድሞ ማወቅ የባለሙያው ግዴታ ነው እላለሁ።

1. ለመሆኑ ስክሪን ቀረጻ ምንድን ነው?

ስክሪን ቀረጻ ማለት ኮምፒውተሩ ወይም ስልኩ በገጹ ላይ የሚታየውን ነገር በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያነሣ፣ ከድምፅ ጋር በጊዜ አጣጥሞ በአንድ የቪዲዮ ፋይል የሚያስቀምጥበት ዘዴ ነው። ከስክሪንሾት የሚለየው እንቅስቃሴንና ድምፅን ስለሚይዝ ነው። ዳውንሎድ ከማድረግም ይለያል። ዳውንሎድ ስናደርግ የምናገኘው የተጫነውን ቪዲዮ ቅጂ ሲሆን፣ ስክሪን ስንቀርጽ የምናገኘው እኛ ያየነውንና የሰማነውን ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ ይመስላል እንጂ በኋላ እንደምናየው ትልቅ ነው።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? አንደኛው ምክንያት በኢንተርኔት ላይ ያለ ነገር ስለሚጠፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ የጽንፈኞችን ይዘት ለይቶ የሚያነሣ የኮምፒውተር ሥርዓት ሥራ ላይ ሲያውል፣ የሶርያን ጦርነት የመዘገቡ በሺዎች የሚቆጠሩ ቪዲዮዎች አብረው ተነሥተው ነበር። ከፊሎቹ በኋላ ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት ኦገስት 15 ቀን ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሊቢያዊው የጦር አዛዥ ማህሙድ አል-ወርፋሊ ላይ የእስር ማዘዣ ሲያወጣ፣ ከማስረጃዎቹ መካከል በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፉ ቪዲዮዎች ይገኙበታል። ሰውዬው ለፍርድ ሳይቀርብ በ2021 ተገደለ። ቢሆንም በማኅበራዊ ሚዲያ የተለጠፈ ቪዲዮ እስከ ፍርድ ቤት ሊደርስ እንደሚችል ጉዳዩ አሳይቷል። በአንድ በኩል ቪዲዮው ማስረጃ ይሆናል፣ በሌላ በኩል በአንድ ሌሊት ይጠፋል። በመካከል ያለው ቀድሞ የቀረጸው ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ቀጥታ ስርጭት ነው። አንድ ባለሥልጣን በቀጥታ ስርጭት የተናገረው ቃል ስርጭቱ እንዳለቀ ሊሰረዝ ወይም ተቆርጦ እንደገና ሊለጠፍ ይችላል። «እንዲህ ብለዋል» ብለን ከጻፍን በኋላ «አላልኩም» ቢባል የምናሳየው ነገር ሊኖረን ይገባል።

2. ድምፁ ከየት ይመጣል?

ብዙ ሰው «ቀረጽኩት እኮ፣ ግን ድምፅ የለውም» ሲል የሚሰማው ይህን ክፍል ባለማወቅ ነው። በስክሪን ቀረጻ ውስጥ ሁለት የድምፅ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የውስጥ ድምፅ ነው፤ ይህም ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያጫውተው፣ በስፒከር ወይም በኢርፎን የምንሰማው ነው። ሁለተኛው የማይክ ድምፅ ነው፤ ይህም የእኛ ንግግርና በክፍሉ ውስጥ ያለው ድምፅ ሁሉ ነው። በቃለ መጠይቅ ጊዜ የእንግዳው ድምፅ በመጀመሪያው መንገድ፣ የእኛ ጥያቄ በሁለተኛው መንገድ ይመጣል። አንዱ ከተዘጋ ጥያቄ ያለ መልስ ወይም መልስ ያለ ጥያቄ ይዘን እንቀራለን።

የውስጡ ድምፅ እንቢ ሲል ብዙዎች ስፒከሩን ከፍ አድርገው በማይክ ለመያዝ ይሞክራሉ። ይህ ለጭንቅ ጊዜ ይሆናል እንጂ ለስርጭት አይመከርም። የመኪናው ጡሩምባ፣ የጎረቤቱ ጀነሬተር፣ የበሩ መንኳኳት ሁሉ አብሮ ይገባል። በዚያ ላይ የእንግዳው ድምፅ ከስፒከር ወጥቶ ወደ ማይካችን ስለሚመለስ ማሚቶ ይፈጠራል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ኢርፎን ማድረግ። ኢርፎን ሲደረግ የእንግዳው ድምፅ ከክፍሉ ይወጣል፣ ማይኩም የእኛን ድምፅ ብቻ ይይዛል።

መሣሪያዎቹ በዚህ ረገድ የተለያየ ጠባይ አላቸው፦

ዊንዶውስ፦ ከቪስታ ጀምሮ የውስጥ ድምፅን መልሶ ለቀረጻ የሚሰጥ መንገድ በሲስተሙ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«ጂ» ጋር ስንጫን የሚመጣው ጌም ባርም ድምፅን ጨምሮ ይቀርጻል። ነገር ግን የሚቀርጸው የአንድን ፕሮግራም መስኮት እንጂ ሙሉ ዴስክቶፑን አይደለም። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው እየሄድን መቅረጽ ካሰብን አይሆነንም።

ማክ፦ ኩዊክ ታይም ፕሌየር ከ2009 ጀምሮ ስክሪን ይቀርጻል። በድምፅ በኩል ግን ለብዙ ዓመታት ማይክን ብቻ ሲቀበል ስለኖረ፣ ተጠቃሚዎች የውስጡን ድምፅ ለመያዝ እንደ ብላክሆል ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም መጫን ነበረባቸው። በ2022 ከወጣው ማክኦኤስ 13 ወዲህ ግን ኦቢኤስን የመሰሉ ፕሮግራሞች ያለ ተጨማሪ ነገር የውስጡን ድምፅ መያዝ ይችላሉ።

አንድሮይድ ስልክ፦ የውስጥ ድምፅ መቅረጽ የተፈቀደው በ2019 በወጣው አንድሮይድ 10 ሲሆን፣ ከስልኩ ጋር አብሮ የሚመጣ መቅረጫ ደግሞ በ2020 ከአንድሮይድ 11 ጋር መጣ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ይህ ፈቃድ የሚመለከተው ሙዚቃን፣ ቪዲዮንና ጨዋታን የመሳሰለ ድምፅ ነው። የጥሪ ድምፅ ከዚህ ውጭ ነው። ስለዚህ በስልካችን ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ እያወራን ስክሪን ብንቀርጽ፣ ምስሉ ተይዞ የሌላው ወገን ድምፅ ሳይኖር ሊቀር ይችላል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ሆን ተብሎ እንዲህ ስለተሠራ ነው።

አይፎን፦ ከ2017ቱ አይኦኤስ 11 ጀምሮ መቅረጫ አለው። ምልክቱን ጫን አድርገን ስንይዘው ማይኩን ለመክፈት ወይም ለመዝጋት ያስችለናል። በጥሪ ጊዜ ግን እዚህም ላይ መተማመን አይገባም።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ለቃለ መጠይቅ የሚሻለው ኮምፒውተር መሆኑን ነው። ቴሌግራምንም ዋትስአፕንም ኮምፒውተር ላይ መክፈት ይቻላል። ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ ስልኩን ላውድ ስፒከር ላይ አድርጎ በሌላ ስልክ ወይም በመቅረጸ ድምፅ መያዝ ከባዶ ይሻላል።

3. በኦቢኤስ ስቱዲዮ እንዴት እንቀርጻለን?

ኦቢኤስ ስቱዲዮ ከ2012 ጀምሮ ያለ፣ ገንዘብ የማይከፈልበት ፕሮግራም ነው። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ለተማሪ ኪስ የሚስማማ በመሆኑ እሱን እንደ ምሳሌ ልውሰድ።

ሀ. በመጀመሪያ ምንጭ እንመርጣለን። «ዲስፕሌይ ካፕቸር» የሚለው ሙሉ ስክሪኑን፣ «ዊንዶው ካፕቸር» የሚለው አንድን መስኮት ብቻ ይይዛል። ሁልጊዜ ሁለተኛውን እንድትመርጡ እመክራለሁ። ምክንያቱን በክፍል 4 እመለስበታለሁ።

ለ. በመቀጠል የድምፅ ሰሌዳውን እንመለከታለን። «ዴስክቶፕ ኦዲዮ» የውስጡ ድምፅ፣ «ሚክ» የእኛ ድምፅ ነው። ስንናገርና እንግዳው ሲናገር ሁለቱም መስመሮች መንቀሳቀስ አለባቸው። የማይንቀሳቀስ መስመር ካለ ያ ድምፅ እየተቀረጸ አይደለም። ንግግር ቢጫው ላይ፣ ማለትም ከ-20 እስከ -9 ዴሲቤል ባለው ውስጥ ቢመላለስ ጥሩ ነው። ቀዩን አልፎ 0 ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ በኤዲቲንግ አይድንም።

ሐ. ሁለቱን ድምፆች በተለያየ ትራክ ማስቀመጥ ይቻላል። ኦቢኤስ እስከ 6 ትራክ ይይዛል። እንግዳው ሲናገር እኛ ብናስል ሳላችንን ብቻ ነጥሎ ማውጣት የሚቻለው ትራኩ ከተለየ ነው።

መ. የፋይሉ ዓይነት ኤምኬቪ ቢሆን ይመረጣል። የተለመደው ኤምፒ4 የፋይሉን ማውጫ የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። በመሀል መብራት ቢጠፋና ባትሪ ቢያልቅ ሙሉ ፋይሉ አልከፈት ይላል። ኤምኬቪ ግን እስከተቋረጠበት ድረስ ያለውን ይዞ ይቆያል። በኋላ ራሱ ኦቢኤስ ጥራቱን ሳይቀንስ ወደ ኤምፒ4 ይለውጥልናል። መብራት በሚመጣበትና በሚሄድበት አካባቢ ለምንሠራ ሰዎች ይህች ምርጫ ብቻዋን የአንድ ቀን ልፋት ታድናለች።

ሠ. የቦታው ነገርም ይታሰብ። በሰከንድ 2,500 ኪሎቢት የሚቀረጽ ምስል ለ8 ሲካፈል 312.5 ኪሎባይት ይሆናል። በአንድ ሰዓት፣ ማለትም በ3,600 ሰከንድ፣ 1.1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው። ጽሑፍ ላለበት ገጽ በሰከንድ 15 ምስል ይበቃል፣ ለሚናገር ሰው 30። ከዚያ በላይ ማድረግ ደካማ ላፕቶፕን ያስጨንቃል፣ ምስሉም ይንተባተባል።

ረ. በመጨረሻም ሙከራ። ከቃለ መጠይቁ በፊት 30 ሰከንድ ቀርጾ፣ አቁሞ፣ ፋይሉን ከፍቶ በኢርፎን ማዳመጥ። መስመሩ ሲንቀሳቀስ ማየት ብቻ በቂ አይደለም፣ መስማት ያስፈልጋል።

4. ምስሉ ከፈለግነው በላይ ሲይዝ

እስከ አሁን ስለሚጎድለው ድምፅ ተናገርን። አሁን ስለሚተርፈው ምስል እንነጋገር።

አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ ቤይሩት ሆና ስለ አሠሪዋ ለመናገር ተስማማች እንበል። በሊባኖስ የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አገሪቱ በኢኮኖሚ ቀውስ ስትመታ፣ አሠሪዎቻቸው የጣሏቸው እህቶቻችን በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ ወድቀው እንደነበር በወቅቱ በዜና አይተናል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ያለች ሴት ስሟን ለመደበቅ ምክንያት አላት። እኛም «ስምሽ አይጠቀስም» እንላታለን። ነገር ግን ሙሉ ስክሪን ከቀረጽን ምን ምን ተይዟል? የስልክ ቁጥሯ፣ የመገለጫ ፎቶዋ፣ ከጀርባዋ የሚታየው ክፍል፣ ምናልባትም የመስኮቱ እይታ። በጎን በኩል ደግሞ የሌሎች ሰዎች ስምና መልእክት ተደርድሯል። ወሬው መሀል ላይ ከላይ ብቅ የሚለው መልእክትም የሦስተኛ ሰው ምስጢር ነው። እነዚህ ሰዎች ማናችንንም አልፈቀዱልንም።

«ታዲያ በኤዲቲንግ ብናደበዝዘውስ?» የሚል ይኖራል። የሚተላለፈውን ቅጂ ማደብዘዝ ይቻላል፤ ለቁጥርና ለጽሑፍ ደግሞ ከማደብዘዝ ይልቅ ሙሉ በሙሉ በጥቁር መሸፈን ይሻላል። ድምፅን ማጎርነንም ብዙ ዋስትና የለውም፤ መልሶ ማቅጠን ስለሚቻል ቃሏን ሌላ ሰው ቢያነበው ይመረጣል። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። ቀረጻው ማስረጃ እንዲሆን ከተፈለገ ዋናው ፋይል መነካት የለበትም። ዋናው ፋይል ካልተነካ ደግሞ የስልክ ቁጥሯ በውስጡ እንዳለ ይቀመጣል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ፣ ፍላሹ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር፣ ቁጥሯም አብሮ ይዞራል።

ስለዚህ መፍትሔው ያለው ከቀረጻው በፊት ነው። አንድ መስኮት ብቻ መቅረጽ፣ የመልእክት ማሳወቂያዎችን መዝጋት፣ የእንግዳዋን ስም በስልካችን መዝገብ ላይ በሌላ መለያ ማስቀመጥ፣ ካሜራዋን እንድትዘጋ መንገር፣ ምስሏ ካላስፈለገን ደግሞ ድምፁን ብቻ መያዝ። ያልተቀረጸ ነገር አይሰረቅም።

5. ፈቃድና ሕግ

ለሕዝብ በቀጥታ የተሠራጨ መግለጫና በሁለት ሰዎች መካከል የተደረገ ጥሪ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያው ሰውየው ራሱ አደባባይ ወጥቷል። ለሁለተኛው ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነትም በዚሁ ውስጥ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላን ግንኙነት መጥለፍን ይከለክላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ እንዴት መሰብሰብና መያዝ እንደሚገባ የሚደነግግ ነው። እነዚህን እዚህ የማነሣው ሕግ ለማስተማር አይደለም፤ «ተማሪ ነኝ» ማለት ብቻውን ከለላ እንደማይሆን ለማስታወስ ነው።

ፈቃድ መጠየቅ ከባድ ነገር አይደለም። መቅረጫው ከበራ በኋላ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «እህቴ፣ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላሳውቅሽ። ንግግራችንን ከኮምፒውተሬ ላይ ከነድምፁ እየቀረጽኩት ነው። የሚውለው ለዚህ ዘገባ ነው። መመለስ የማትፈልጊው ጥያቄ ካለ እለፈው ማለት ትችያለሽ፣ አቁም ካልሽኝም አቆማለሁ። ተስማምተሻል?» መልሷ በራሷ ድምፅ በፋይሉ ላይ ይቀመጣል። በዕድሜ ለሚበልጡን ደግሞ «እናቴ»፣ «አባቴ» ብሎ በአንቱታ ማስረዳት ተገቢ ነው። ሰው ያልገባውን ነገር ተስማማ አይባልም።

6. ከቀረጻ በኋላ

በመጨረሻም የፋይሉ አያያዝ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ከበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2020 ይፋ ያደረገው የበርክሌይ ፕሮቶኮል፣ ከኢንተርኔት ስለሚሰበሰብ ማስረጃ አያያዝ ሰፊ መመሪያ ይሰጣል። እኔ ለእኛ ደረጃ የሚሆኑትን ብቻ ልጥቀስ።

አንደኛ፣ ገጽ ስንቀርጽ የገጹ አድራሻ በግልጽ እንዲታይ ከላይ መጀመር፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ታች መውረድ። አድራሻውን በጽሑፍም መያዝ።

ሁለተኛ፣ ቀኑን መጻፍ። የኮምፒውተሩ ሰዓት 09:00 ሲል እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንላለን፣ ዓመተ ምሕረቱም ይለያያል። በፋይሉ ስም ላይ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀምን ካልገለጽን፣ ከወራት በኋላ ራሳችን ግራ እንጋባለን። ሌላ ሰው ደግሞ የ6 ሰዓቱን ልዩነት ውሸት ብሎ ሊከራከርበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዋናውን ፋይል በሁለት ቦታ አስቀምጦ ኤዲቲንጉን በቅጂው ላይ መሥራት። ኤስኤችኤ-256 የሚባል ስሌት ከማንኛውም ፋይል የ64 ፊደልና ቁጥር አሻራ ያወጣል። በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። የቀረጽን ዕለት አሻራውን ማስታወሻ ላይ ብናሰፍር፣ ፋይሉ እንዳልተነካ ማሳየት እንችላለን።

አራተኛ፣ ስክሪን ቀረጻ የሚያስረዳውንና የማያስረዳውን ማወቅ። ቀረጻው የሚያረጋግጠው በእኛ ስክሪን ላይ ምን እንደታየ ነው። የታየው ነገር እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ማንም ሰው በራሱ ብራውዘር የገጹን ጽሑፍ ለጊዜው ቀይሮ የቀየረውን መቅረጽ ይችላል። ከሌላ ሰው በቴሌግራም የደረሰንን ስክሪን ቀረጻ እንደ ማስረጃ ከመጠቀማችን በፊት ዋናውን ገጽ መፈለግ ያለብን ለዚህ ነው። የራሳችንንም ቀረጻ ከቻልን ዳውንሎድ ከተደረገው ቪዲዮ ጋር አብረን እናስቀምጥ።

ማጠቃለያ

ከላይ ለማሳየት እንደሞከርኩት ስክሪን መቅረጽ አንድ ቁልፍ የመጫን ጉዳይ አይደለም። ድምፁን ካልተከታተልነው ያመልጠናል፣ ምስሉን ካልገደብነው ይበዛብናል። በእኔ አስተያየት ትምህርት ክፍላችን ሁለት ነገር ቢያደርግ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ በርቀት ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ የሚያገለግል አጭር የፈቃድ ቃል በአማርኛ ቢዘጋጅልን። በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎችም ቢኖር የበለጠ ነው። ሁለተኛ፣ የተማሪዎች ዋና ፋይሎች የሚቀመጡበት፣ በቁልፍ የሚጠበቅ አንድ ሃርድ ዲስክ ቢኖረን፣ የምንጮቻችን ድምፅ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ከመዞር ይድናል። እኛ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ሳንጠብቅ ከሚቀጥለው ሥራችን ጀምሮ ኢርፎን ማድረግ፣ 30 ሰከንድ መሞከርና ፈቃድ መጠየቅ እንችላለን። ለእነዚህ ሦስቱ ምንም በጀት አያስፈልግም።